ነፍስ ሳያውቅ ነፍሱን የሸጠው ልጅ፦ አራቱ የ«ስቶከር» ዕትሞች

«ስቶከር» የተባለው አሮጌ የአሜሪካ ኮሚክ፣ ማለትም ታሪኩ በስዕል የሚነገር መጽሔት፣ ሦስተኛው ዕትም በፖስታ ሲደርሰኝ አንዱ ገጽ ቀዳዳ ነበረው። ተቀዶ አይደለም፤ በመቀስ ተቆርጦ ነው፤ የመታወቂያ ካርድ የምታህል አራት ማዕዘን። ሻጩ በኢንተርኔት ሲያስተዋውቀው «ሙሉ ነው፤ አንድም ነገር አልጎደለውም» ብሎ ነበር። ተናደድኩ። ልመልስለት ፖስታውን ካሸግሁ በኋላ አላስችል ብሎኝ ከፍቼ እንደገና አየሁት። ቀዳዳው ባለበት ገጽ ጀርባ ማስታወቂያ አለ። ከማስታወቂያው ግርጌ ስምና አድራሻ ተሞልቶ የሚላክ ኩፖን ኖሮ፣ የዛሬ 50 ዓመት ገደማ አንድ የአሜሪካ ልጅ ቆርጦ ልኮታል። ኩፖኑን ሲቆርጥ በስተጀርባው የነበረውን የታሪኩን ስዕል አብሮ ወሰደው። ያ ልጅ በኩፖኑ ያዘዘውን ነገር አግኝቶ ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል ንዴቴ በረደና መጽሔቱን አስቀረሁት።

አዲስ አበባ ሳለሁ 11 ዓመት ማተሚያ ቤት ሠርቻለሁ። አሁን ኑሮዬ ሜሪላንድ ነው፤ ሥራዬም ሌላ ነው። አሮጌ የታተመ ነገር ሳይ ግን እጄ ዝም አይልም፤ ገልጬ አሸታለሁ፣ ቀለሙን ወደ ብርሃን አዙሬ አያለሁ። ሰፈራችን አካባቢ ባለ የኮሚክ ሱቅ አሮጌ ዕትሞች በረጃጅም የካርቶን ሳጥን ተደርድረው ይሸጣሉ። «ስቶከር» ቁጥር 1ን ያገኘሁት እዚያ ነው፤ በ6 ዶላር። ስሙን ሰምቼ አላውቅም። የገዛሁት በሁለቱ ሠዓሊዎች ስም ነው።

ታሪኩ ይህ ነው። ዲሲ ኮሚክስ፣ የባትማንና የሱፐርማን አሳታሚ፣ በ1975 «ስቶከር» የሚል መጽሔት ጀመረ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በየሁለት ወሩ የሚወጣ፣ ዋጋው 25 ሳንቲም። ስሙ አድፍጦ የሚከታተል አዳኝ እንደማለት ነው። በእርሳስ የነደፈው ስቲቭ ዲትኮ ነው፤ ከስታን ሊ ጋር ስፓይደርማንን የፈጠረው። ንድፉን በቀለም ያጠናቀቀው ዋሊ ዉድ ነው፤ በ1950ዎቹ የ«ማድ» የቀልድ መጽሔት ገጾችን ካደመቁት እጆች አንዱ። ደራሲው ፖል ሌቪትዝ ያኔ ገና 18 ዓመቱ ነበር፤ ኋላ የዚያው ድርጅት ፕሬዚዳንትና አሳታሚ ለመሆን በቅቷል። ሁለት ታላላቅ ሠዓሊዎችና አንድ ጎረምሳ ደራሲ ተገናኝተው የሠሩት መጽሔት በአራተኛው ዕትም ቆመ። አምስተኛ የለውም።

በዚያ ዘመን በአራትና በአምስት ዕትም የቆሙት ብዙ ናቸው። የዲሲ ተፎካካሪ ማርቭል በ1970 «ኮናን»ን አውጥቶ ሲቀናው ሌሎቹም የሰይፍና የአስማት ታሪክ ለማውጣት ተሯሯጡ። ዲሲ ራሱ በ1975 ከ«ስቶከር» ጋር «ቤዎልፍ»ንና «ክሎው»ን አወጣ፤ አንዱ 6፣ ሌላው 12 ዕትም ዘለቀ። የማርቭል የቀድሞ ባለቤት ማርቲን ጉድማን አትላስ የሚባል አዲስ ድርጅት አቋቁሞ «ዉልፍ»ን ሞከረ፤ አራት ዕትም ወጥቶ ድርጅቱ ራሱ ተዘጋ። ከነዚህ መካከል ዕድሜ ያገኘው የማይክ ግሬል «ዎርሎርድ» ነው፤ እሱም ገና ከመጀመሩ እንዲቋረጥ ተወስኖ ነበር። በ1976 ጄኔት ካን የዲሲ አሳታሚ ሆና ስትመጣ መጽሔቱን ወድዳው ኖሮ አስመለሰችው፤ 133 ዕትም ወጣ፣ እስከ 1988 ድረስ። «ስቶከር» እንዲህ የሚከራከርለት ሰው አላገኘም።

ወደ ልጁ ልምጣ። በድህነት ያደገ ምስኪን ልጅ ነው። ተዋጊ መሆን ይመኛል፤ ከረሃብ የሚያወጣው ሰይፍ ብቻ ይመስለዋል። የሎራንዝ ግንብ እመቤት፣ ባሮነስ ልያን፣ «ና፣ ተዋጊ አደርግሃለሁ» ብላ ወሰደችውና ባሪያ አደረገችው። አምልጦ የጦር አምላክ ቤተ መቅደስ ገባ። ለአምላኩ ነፍሱን ሰጠና በምትኩ በዓለሙ ተወዳዳሪ የሌለው አዳኝ፣ ዱካ ተከታይና ተዋጊ አድርገኝ አለ። እስከዚህ ድረስ የምናውቀው ዓይነት የነፍስ ሽያጭ ታሪክ ነው፤ ዕዳው በሞት ቀን ነው የሚጠየቀው ብለን እንጠብቃለን። የጦር አምላኩ ግን እዚያው ወሰዳት። ልጁ ከቤተ መቅደሱ የወጣው ጉልበቱ ሞልቶ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ውስጡ ባዶ ሆኖ ነው።

በአማርኛ ልጅ ክፉና ደጉን ሲለይ «ነፍስ አወቀ» እንላለን። ይህ ልጅ ነፍስ ሳያውቅ ነው ነፍሱን የሸጠው። ምን እንደሸጠ የገባው ወደ ግንቡ ተመልሶ እመቤቲቱን ድል ሲያደርግ ነው። ስንት ዓመት ያሰበው በቀል እጁ ገባ፤ ልቡ ግን ምንም አላለም። ደስ አላለው፣ አልረካ፣ አልጸጸተው። እዚያ ላይ ነው «ሲኦል ድረስ ተከትዬህ ነፍሴን አስመልሳለሁ» ብሎ ለአምላኩ የማለው። መጽሔቱ ሁሉ የዚህ መሐላ ጉዞ ነው።

የአምላኩ ስም በእንግሊዝኛ አናባቢ የለውም፤ አምስት ተናባቢ ተደርድሮ አንባቢን ያደናቅፋል። እኔ በልቤ በፊደላችን ጻፍኩት፦ ድግርዝ። አራቱም ሳድስ። ለአማርኛ አንባቢ ምኑም አይከብድ፤ እንደ ግዕዝ ስም አፍ ላይ ይቀመጣል። ብሎም «ድግር» የሚለው ቃል ወደ አያቴ እርሻ ወሰደኝ፤ ከማረሻው ግራና ቀኝ ሆነው አፈሩን የሚከፍቱት ሁለት እንጨቶች ድግር ነው ስማቸው። ሌቪትዝ ይህን ሊያውቅ አይችልም። እኔ ግን የጦር አምላክ ስም ሲጠራ ማረሻ እየታየኝ ነው እስከ መጨረሻው ያነበብኩት፤ አራተኛው ዕትም ላይ ስደርስ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ከበደኝ። ወደዚያ እመጣለሁ።

አሁን ስዕሉ። የዲትኮን ሥራ ስሙ ባይጻፍበትም በእጆቹ ታውቁታላችሁ። ጣቶቹ እንደ አማርኛ ቃለ አጋኖ ናቸው፤ የተዘረጉ፣ የታጠፉ፣ አንዱ ወደ ላይ ሁለቱ ወደ ታች፣ አየሩን የሚይዙ። የሚናደድ ሰው በፊቱ ሳይሆን በመዳፉ ይናደዳል። ለነፍስ አልባ ጀግና ይህ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ፊቱ ምንም ማሳየት የለበትምና። ዉድ ደግሞ ጥላ አዋቂ ነው። ዲትኮ ቀለል አድርጎ የተወውን መስመር ዉድ በጥቁር ቀለም ይሞላዋል፤ የብረቱን ጠርዝ ያበራል፣ የዋሻውን ጥግ ያጨልማል። ሁለቱ እጆች በአንድ ገጽ ላይ ሲሠሩ መለየት ይቻላል፤ እንቅስቃሴው የዲትኮ ነው፣ ክብደቱ የዉድ። ዉድ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1981፣ በ54 ዓመቱ ሞተ። ዲትኮ በ2018 በ90 ዓመቱ አረፈ፤ ቃለ መጠይቅ የማይሰጥ ሰው ነበር፣ ሰው እንዲያውቀው የሚፈልገውን በጠረጴዛው ላይ ሠርቶ የተወ።

ዓይኖቹ ላይ ላቆማችሁ። የስቶከር ዓይኖች ቀይ ናቸው። ይህ ለደራሲ አንድ ቃል ነው፤ ለአታሚ ግን ፈተና ነው። በዚያ ጊዜ ብዙዎቹ የአሜሪካ ኮሚክ መጽሔቶች የሚታተሙት ኢሊኖይ ውስጥ ስፓርታ በምትባል ከተማ፣ ወርልድ ከለር ፕሬስ በሚባል ማተሚያ ቤት ነበር። ወረቀቱ የጋዜጣ ወረቀት፣ ማሽኑ ፈጣን፣ ቀለሙ አራት። ንጹሕ ቀይ የሚገኘው ቢጫው ሙሉ፣ ማጀንታውም (ወደ ሐምራዊ የሚያደላው ቀይ ቀለም) ሙሉ ሆነው አንዱ በሌላው ላይ በትክክል ሲያርፉ ነው። የፊት ቆዳ በነጠብጣብ ስለሚሠራ ትንሽ ቢንሸራተት አይታወቅም። ዓይን ግን የምስር ፍሬ ታህላለች፤ የሁለቱ ቀለሞች ፕሌቶች (የማተሚያ ሰሌዳዎች) በግማሽ ሚሊሜትር ቢሳሳቱ ቀዩ ከዓይኑ ወጥቶ ጉንጭ ላይ ይቀመጣል። በእኔ ቁጥር 1 ላይ አንድ ገጽ እንዲህ ሆኗል። ማጉያ መነጽር አድርጌ አየሁት፦ የዓይኑ ጥቁር መስመር ባዶ ሆኖ ይጠብቃል፣ ቀዩ ጭረት ከታች ወርዶ እንደ እንባ ተንጠልጥሏል። ማልቀስ የማይችል ሰው በማሽን ስሕተት አለቀሰ። በእኛ ማተሚያ ቤት እንዲህ ያለ ወረቀት ከወጣ ማሽን እናቆም ነበር። ይህኛው ስላልተቆመ ደስ ብሎኛል።

ወረቀቱ ከዳር ወደ መሐል ቡናማ እየሆነ ነው። ከእንጨት በቀጥታ ተፈጭቶ የሚሠራ ወረቀት ውስጡ ሊግኒን ስለሚቀር ብርሃንና አየር ያጠቁሩታል፤ መድኃኒት የለውም፣ ማዘግየት ብቻ ነው። አሲድ በሌለው ካርቶን ደግፌ በላስቲክ አድርጌ ቁም ሳጥን ውስጥ አኑሬአቸዋለሁ። ስንፈልግ ግን እናወጣቸዋለን። ለማየት ብቻ የተገዛ መጽሔት አልወድም።

የምናወጣቸው እኔና የ13 ዓመት ልጄ ነን። እሷ እዚህ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛዋን ከእኔ ጋር ትለማመዳለች። ቁጥር 1ን አንብባ ስትጨርስ ዝም ብላ ቆየች።

«አባዬ፣ ምንም ካልተሰማው ምን ቸገረው? ሐዘንም እኮ አይሰማውም።»

«ደስታም አይሰማውም የኔ እናት።»

«እሺ፣ ታዲያ ነፍሱን ለምን ፈለጋት? መፈለግም ስሜት ነው አይደል?»

መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። ሌቪትዝ በጽሑፉ ይህን ጥያቄ አልፎታል። ዲትኮ ግን በስዕሉ ያለፈው አይመስለኝም። ያ ሰውነት ሁልጊዜ ወደ ፊት ያዘነበለ ነው፤ ቆሞ እንኳ የሚሄድ ይመስላል። ልቡ ባይኖርም እግሩ ያስታውሳል። ልጄን ያልኳት ይህን ነው፦ ደስታው ሊመጣበት የሚገባውን ሰዓት ያውቀዋል፣ በዚያ ሰዓት አለመምጣቱንም ያውቃል። አንድ ሰው ሞቶበት በበዓል ቀን የባዶውን ወንበር ቦታ እንደሚያውቅ። «ይሁን» አለችኝ፤ አልተቀበለችኝም።

ስለ ነፍስ ስናወራ ስለ በላዔ ሰብእ ነገርኳት። 78 ሰው የበላው፣ በመጨረሻ ለተጠማ በሽተኛ ስለ እመቤታችን ስም ብሎ እፍኝ ውኃ ያጠጣው፤ በሚዛን ሲቀመጥ የእመቤታችን ጥላ በዚያች እፍኝ ውኃ ላይ አርፎ የዳነው። እኔ ልጅ ሆኜ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያንን ሚዛን እያየሁ ነው ያደግሁት። በዚያ ሥዕል ነፍስ የምትመዘን፣ የምትለመንላት ነገር ናት፤ የሚማልድላት አለ። በ«ስቶከር» ዓለም የሚማልድ የለም። ልጁ ብቻውን፣ በሰይፉ፣ ወደ ሲኦል ይወርዳል። ይህ ብቸኝነት ነው መጽሔቱን ከሌሎቹ የዘመኑ ባለ ሰይፎች የሚለየው። የነዚያ ጀግኖች ወርቅ ወይ ዙፋን ነው የሚፈልጉት።

ጉድለቱን አልደብቅም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ዕትም የጉዞ ታሪክ ናቸው፤ ባሕር፣ ደሴት፣ እሳት፣ ጠባቂ አውሬ። ስዕሉ እየተጓዘ ታሪኩ እዚያው ይረግጣል። ጽሑፉ ደግሞ ይበዛል። ዲትኮ በአንድ እጅ የተናገረውን ከላይ ያለው የጽሑፍ ሳጥን በሦስት ዓረፍተ ነገር ይደግመዋል፤ ሠዓሊውን ገና ያላመነ ደራሲ ሥራ ነው። እመቤት ልያንም ከክፋቷ በቀር የራሷ ታሪክ የላትም፤ ከዚያ በላይ ይገባት ነበር። አንድ ዕትም ከ20 ገጽ በማይበልጥ ታሪክ ላይ ስለቆመ ቦታ አልነበረም የሚል ሊኖር ይችላል። ያቺው ቦታ ግን ለአውሬዎቹ በቅታለች።

አራተኛው ግን ሁሉንም ይክሳል። ስቶከር ሲኦል ገብቶ፣ የሲኦልን ሠራዊት ጥሶ፣ ድግርዝ ፊት ቆመ። ነፍሴን መልስ አለ። ድግርዝ አይችልም። አልፈልግም አይደለም ያለው፤ አይቻልም ነው። የተሰጡት ነፍሳት የእሱ አካል ሆነዋል፤ የሚኖረው በነሱና በስሙ በሚደረገው ጦርነት ነው። ሰዎች እስከተዋጉ ድረስ አይዳከምም። ስለዚህ በሰይፍ የሚመታ ጠላት የለም። ስቶከር ያገኘው ትልቁ ስጦታ፣ ተወዳዳሪ የሌለው ተዋጊነቱ፣ ጠላቱን የሚመግብ ሆኖ ተገኘ። እያንዳንዱ የጣለው ጠላት ነፍሱን የያዘውን እጅ አጥብቆታል። እናም ማለ፦ ጦርነትን ከምድር አጠፋለሁ።

እዚያ ላይ ቆመ። መጽሔቱ ተዘጋ።

እዚህ ገጽ ላይ ነው የአያቴ ድግር የመጣብኝ። ነቢዩ ኢሳይያስ ሰይፋቸውን ማረሻ ለማድረግ ይቀጠቅጣሉ ያለው። በ1975 ጸደይ የቬትናም ጦርነት ገና ማለቁ ነበር፤ በአሜሪካ የጋዜጣ መሸጫ ላይ በ25 ሳንቲም የሚሸጥ የልጆች መጽሔት፣ ከሰይፍ በቀር ምንም የማያውቅ ሰው ጦርነትን እንዴት ያስቆማል ብሎ ጠይቆ ሳይመልስ ጠፋ። እኔ ጦርነት ካለበት አገር የመጣሁ ሰው ነኝ። ይህን ጥያቄ እንደ ተረት ማንበብ አልቻልኩም። አምስተኛው ዕትም ቢኖር ምን ያደርግ ነበር? ሰይፉን ይጥል ነበር? ከነገሥታት ጋር ይነጋገር ነበር? ሌሊት ሥራ ላይ ሆኜ ስንት ጊዜ አሰብኩት።

ሌሎች ደራሲዎች መልስ ሰጥተውበታል። በ1999 ጀምስ ሮቢንሰንና ዴቪድ ጎየር ስቶከርን በጀስቲስ ሶሳይቲ፣ በዲሲ የጀግኖች ቡድን፣ ታሪክ ውስጥ መልሰው አመጡት፤ ግን ክፉ አድርገው። ጦርነትን ማጥፊያው መንገድ ሕይወትን ሁሉ ማጥፋት ነው ብሎ ደምድሞ የመጣ። ሐሳቡ ከባድ ነው፤ ነፍስ የሌለው ሰው በስሌት ብቻ ቢሄድ እዚያ ሊደርስ ይችላል። እኔ ግን አልቀበለውም። አራተኛው ዕትም ላይ የማለው ሰው ነፍሱን ፈላጊ ነው፤ ነፍስ የሚፈልግ ሰው የሌላውን ሁሉ ነፍስ አያጠፋም። ልጄ ያነሳችው ጥያቄ እዚህም ይሠራል። በ2008 ደግሞ ጌይል ሲሞን በ«ዎንደር ዉማን» ውስጥ ከቤዎልፍና ከክሎው ጋር አንድ ላይ አሰልፋዋለች፤ ሦስቱን የተረሱ ባንድ ገጽ ማየት ደስ ይላል፤ ከዚያ በላይ አልጠበቅሁም።

አራቱንም ሙሉ ለማንበብ ቀላሉ መንገድ ዲሲ በ2011 ያሳተመው የስቲቭ ዲትኮ ሥራዎች ስብስብ የመጀመሪያው ቅጽ ነው። ከቤተ መጻሕፍት ተዋስነው። ወረቀቱ ነጭ ነው፣ ቀለሙ ጥርት ያለ ነው፣ ቀዩ ዓይን ውስጥ ነው። ለማንበብ ይህ ይሻላል፤ ዓይን አይደክምም፣ የዉድ ጥቁር መስመር ከነሙሉ ጥልቀቱ ይታያል። እኔ ግን የጋዜጣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ሲኦል እመርጣለሁ። ነጠብጣቡ ጢስ ይመስላል፤ በነጭ ወረቀት ላይ ጢሱ የለም። ልጄ መጽሐፉን ከመመለሳችን በፊት በቁጥር 3 ቀዳዳ ውስጥ የጎደለውን ስዕል ፈለገችው፤ በስስ ወረቀት ገለበጠችው፤ በልኩ ቆርጣ ከላስቲኩ ውስጥ አስቀመጠችው። እንለጥፈው ስላት «አይሆንም፣ ያ ልጅ የቆረጠው ይታይ» አለች።

ለመግዛት ለምትፈልጉ፦ ለአራቱም ከነመላኪያው 34 ዶላር አወጣሁ፤ የተጣጠፉ፣ ግን የሚነበቡ ናቸው። ቁጥር 1 ብዙ ጊዜ በሱቅ ሳጥን ውስጥ ይገኛል። አራተኛውን አስቀድማችሁ አትግዙ፤ ያለ መጀመሪያው መሐላው አይገባም። መሐል ያሉትን ሁለቱን በርካሽ ካገኛችሁ ብቻ። በኢንተርኔት ስትገዙ «ገጹ ሙሉ ነው?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ኩፖኖቹ አሉ?» በሉ፣ የማስታወቂያ ገጾቹን ፎቶ ላኩልኝ በሉ። ሱቅ ውስጥ ከሆናችሁ ላስቲኩን አስፈቅዳችሁ ክፈቱ፣ ወረቀቱን በጣት ጫፍ ሳይሆን በመዳፍ ደግፋችሁ ገልብጡ፤ የመሐሉ ሽቦ ዝጎ ከሆነ የመጀመሪያው ገጽ ሲገለጥ ይለቃል።